የአለቃ ቀልድና የሠራተኛ ሳቅ፦ ከኮምቦልቻ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በኮምቦልቻ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የላይን (የአንድ ረድፍ የስፌት ማሽኖች) ሱፐርቫይዘር ሆኜ ከተሾምኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። በሥሬ ያሉት ሠራተኞች አብዛኞቹ ከቃሉ፣ ከተሁለደሬና ከባቲ ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በተሾምኩ ሰሞን በወሰድነው አጭር የአመራር ሥልጠና ላይ፣ መሪ ስብሰባውን በቀልድ ቢጀምር ሠራተኛው እንደሚቀርበውና ቡድኑም እንደሚጠናከር ተነግሮን ነበር። እኔም በየጠዋቱ ከሥራ በፊት በምናደርገው አጭር ስብሰባ ላይ መቀለድ ጀመርኩ፤ ሁሉም ይስቁ ነበር። ከወር በፊት አንዲት ልጅ ዘግይታ ስትገባ ‹ዛሬም ከላሞቹ ጋር ነው የመጣሽው?› አልኳት። ላይኑ በሙሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ከሥራ ጉዳይ ውጭ አታናግረኝም። ባለፈው ሳምንት ማሽኗ ስፌት እየዘለለ መሆኑን ሳትነግረኝ ቀርታ አንድ ሙሉ በንድል (አንድ እስር የተቆረጠ ጨርቅ) ተበላሸ። ሥራ አስኪያጁ ‹የሚቀልድ አለቃ አይከበርም፤ ተወው› አለኝ። እኔ ደግሞ ወሎ ውስጥ ያለ ጨዋታ ሥራ እንዴት ይሠራል እላለሁ፤ ሁላችንም እየተቀላለድን ነው ያደግነው። ለመሆኑ ቀልድ ለመሪ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? የሚጠቅም ከሆነስ ጥሩ ጥሩ ቀልዶችን ከየት ልማር?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ፤ የቀረውም የተበላሸው ከዚያ ነውና። ቀልድ መማር አያስፈልግዎትም። በሥልጠናው ላይ የተነገራችሁ ምክር ጨዋታ አዋቂ መሆንን ቀልድ ከማውራት ጋር አንድ አድርጎ ያየ ምክር ነው፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሮበርት ፕሮቫይን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ጥናት፣ ሰዎች በአደባባይ ሲጨዋወቱ የተሰማውን 1,200 ያህል ሳቅ ከነመነሻው መዝግቦ፣ ቀልድ ሊባል የሚችል ንግግርን ተከትሎ የመጣው ሳቅ ከመቶ ከ10 እስከ 20 ያህሉ ብቻ ሆኖ አግኝቶታል። የቀረው ሳቅ የመጣው «በኋላ እንገናኝ»ን ከመሰሉ፣ በወረቀት ላይ ቢሰፍሩ ማንንም ከማያስቁ ተራ ንግግሮች ነው። ሰዎቹን ያሳቃቸው የተነገረው ነገር ብልሃት ሳይሆን አብረው መሆናቸው ነበር ማለት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሰርቪስ ወርዶ የተሰለፈ ሠራተኛ ፊት ቆሞ የተዘጋጀ ቀልድ ማቅረብ ግን ሠራተኛውን ተመልካች ያደርገዋል። እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ ተመልካች ሳይሆን፣ ማሽኑ ሲያስቸግረው ሳይፈራ የሚጠራዎትን ሰው ነው።

ከዚህ የሚብሰው ስህተት «ሁሉም ይስቁ ነበር፤ እሷም ሳቀች» የሚለው ማስረጃዎ ነው። የበታች ሠራተኛ ሳቅ ለአለቃው ቀልድ ማስረጃ መሆን አይችልም። የሰዓት መቆጣጠሪያውን የሚፈርመው፣ ትርፍ ሰዓት የሚመድበው፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚያስጽፈው ሰው ሲቀልድ አለመሳቅ ድፍረት ይጠይቃል፤ መሳቅ ግን ምንም አያስከፍልም፣ ቢያንስ በዚያች ቅጽበት። ሮዝ ኮዘር የተባለች የሶሲዮሎጂ ባለሙያ በአንድ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስብሰባዎች ላይ የሚነገረውን ቀልድ ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመችው ጥናት፣ ቀልድ እንደ ትእዛዝ ሁሉ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ አሳይታለች። ከፍተኛ ሐኪሞቹ በበታቾቻቸው ላይ ይቀልዱ ነበር፤ የበታቾቹ ቀልድ ግን በራሳቸው ወይም በሕመምተኞቹ ላይ ያነጣጠረ ሲሆን፣ በስብሰባው በተገኘ የበላይ ላይ የደፈረ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ሌላ የአመራር ጥናት ደግሞ፣ መሪው ቀልድ ባበዛ ቁጥር ሠራተኞቹ ያላሳቃቸውን እንዳሳቃቸው አድርገው ማስመሰላቸው እንደሚጨምር፣ ማስመሰሉም እንደሚያደክማቸውና በሥራቸው ያላቸውን ርካታ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ጉዳት ጎልቶ የታየው አለቃን ከፍ አድርገው በሚያከብሩ፣ በእነሱና በእሱ መካከል ሰፊ ርቀት መኖሩን እንደ ደንብ በሚቀበሉ ሠራተኞች ላይ ነው። ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍቶ ማድመጥ፣ ሲስቅ አብሮ መሳቅ የአስተዳደግ ወግ በሆነበት አገራችን፣ ይህ ግኝት ሊያሳስበን የሚገባ ይመስለኛል።

እንግዲህ ልጅቷ የሳቀችው ለምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። መላው ላይን እየሳቀ ዝም ብትል «ተቀየመች» ይባላል፤ ብትመልስ አለቃዋን ደፍራለች፤ የቀራት አብሮ መሳቅ ብቻ ነበር። ንዴቱን ይዛው ወደ ማሽኗ ሄደች፤ ኋላም ማሽኗ ስፌት ሲዘል እርስዎን መጥራት ማለት ለሁለተኛ ጊዜ መሳቂያ ለመሆን ራስን ማቅረብ መስሎ ታያት። የተበላሸው በንድል የቂም ውጤት ነው ብለው እንዳያስቡ አደራ። ሰው የተዋረደበት ቦታ ላይ ችግሩን ይደብቃል፤ ይህ ከፋብሪካም ውጭ የሚታይ የሰው ጠባይ ነው።

አንድን ንግግር አስቂኝ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ማወቅ ጥፋቱ የት ላይ እንደሆነ ለማየት ይረዳል። ፒተር ማግሮው እና ኬሌብ ዋረን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባቀረቡት ትንታኔ መሠረት፣ ሰው የሚስቀው አንድ ነገር ከወጉ የወጣና ጉዳት የሌለው ሆኖ በአንድ ጊዜ ሲታየው ነው። ከወጉ ካልወጣ አያስቅም፤ ጉዳት ካለው ደግሞ ያስቆጣል ወይም ያሳፍራል። «ከላሞቹ ጋር ነው የመጣሽው?» የሚለው ንግግር ለእርስዎና በቅርብ ርቀት ለሚኖሩት ጉዳት የሌለው መስሎ ሊታይ ይችላል። ለእሷ ግን ትናንት የተለየችው የአባቷ ቤት፣ በኪራይ ክፍል ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ተጠጋግታ የምትኖረው ኑሮ፣ ከተሜ ሆናለች ወይስ አልሆነችም የሚለው ዕለታዊ ፈተናዋ ነው። ቀልዱ ጉዳት እንዳለውና እንደሌለው የሚፈርደው የተነገረበት ሰው እንጂ የተናገረው ሰው አይደለም፤ ተናጋሪው የበላይ በሆነበት ቦታ ደግሞ ይህ ፍርድ በድምፅ አይሰማም።

በዚህ ላይ ሌላ ጥፋት ተደርቧል። ልጅቷ ዘግይታ ነበር፤ መዘግየት የሥራ ሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱ ተጠይቆ፣ ተመዝግቦ፣ እንደ ደንቡ የሚታይ ነው። እርስዎ ግን ወቀሳውን በቀልድ ጠቅልለው በሰው ፊት ሰጧት። ይህ እያሳሳቁ መውጋት ነው። ወቀሳ በግልጽ ሲሆን ሠራተኛው ሊያስረዳ፣ ሊከራከር፣ ይቅርታ ሊጠይቅ ይችላል፤ በቀልድ ሲጠቀለል ግን «ቀልዴን ነው» በሚል በር ስለሚዘጋ መልስ የለውም። ሽሙጥና አግቦ የሚያስቀይሙትም በዚህ ምክንያት ነው። በአለቃ አፍ ከሚወጡ ንግግሮች ሁሉ አጥብቄ የምቃወመው ይህን ነው፤ ከግልጽ ቁጣ እንኳ የከፋ ነው እላለሁ።

«ወሎ ውስጥ ያለ ጨዋታ ሥራ እንዴት ይሠራል» የሚለው ሐሳብዎ ውስጥ እውነት አለ፤ በቦታው ስላልዋለ ግን ላብራራው። በደሴም በኮምቦልቻም ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጦ በጾሙም በፍስኩም ሲቀላለድ መዋሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን ያ ጨዋታ ፈቃድ አለው። ፈቃዱን የሰጡት አብሮ ማደግ፣ የለቅሶና የሠርግ መጠራራት፣ እና ከሁሉ በላይ ተራ በተራ መሆኑ ነው፤ ዛሬ የተቀለደበት ነገ ይቀልዳል። እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ራድክሊፍ-ብራውን እ.ኤ.አ. በ1940 በብዙ ማኅበረሰቦች ውስጥ ስላለው የመቀላለድ ዝምድና ሲጽፍ፣ ማን በማን ላይ መቀለድ እንደሚችልና የተቀለደበትም ላለመቀየም ግዴታ እንዳለበት በወግ የተወሰነ መሆኑን አመልክቷል። ሱፐርቫይዘር እና ኦፕሬተር (የማሽን ሠራተኛ) እንዲህ ያለ ዝምድና የላቸውም። ሹመቱ በመጣ ቀን፣ እኩያ በነበሩበት ጊዜ የነበረዎት ፈቃድ ተነሥቷል፤ ከአንዳንዶቹ ጋር አብረው አድገው እንኳ ቢሆን።

አለቃ ገብረ ሐና በጠዋት አህያ የሚነዱ ሴቶች አግኝተው «እንደምን አደራችሁ የአህያ እናቶች» ቢሏቸው፣ ሴቶቹ «እንደምን አደርክ ልጃችን» ብለው መለሱላቸው ተብሎ ሲነገር የኖረውን ያስታውሱ። ጨዋታው ጨዋታ የሆነው መልሱ በመቻሉ ነው። ሴቶቹ መመለስ የሚያስቀጣቸው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ የአንድ ትልቅ ሰው ስድብ ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ በላይንዎ ላይ አንድ ነገር ከመናገርዎ በፊት «ይህችው ልጅ በዚሁ ቃል፣ በዚሁ ሰው ፊት ብትመልስልኝ እቀበላለሁን? እሷስ ለመመለስ ትደፍራለችን?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ብዙ አለቆች «እኔ አልቀየምም» ብለው የመጀመሪያውን ብቻ መልሰው ያልፋሉ።

በዚህ አካባቢ ለሚሠራ መሪ ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮችም አሉ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ የዚህ አገር ሰው በሌላ አካባቢ ሲሄድ መቀለጃ ሆኖበት የኖረ ቁስል ነው፤ የምግብ ሰዓት ላይ ስለ ችኮላና ስለ ሰሃን መጠን የሚነገር ተራ የሚመስል ቀልድ የአያትንና የእናትን ታሪክ ሊነካ ይችላል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ በነበሩበት ወቅት ዘመድ የሞተባቸው፣ ፋብሪካዎች ተዘርፈው ሥራቸውን ያጡ ሰዎች ከእርስዎ ጋር በአንድ አዳራሽ ይሠራሉ፤ ማን ምን እንዳየ አያውቁም። ጾምና ሶላት፣ ብሔርና አነጋገር፣ ያገባና ያላገባ፣ የገላ ውፍረትና ቅጥነት የአለቃ መቀለጃ መሆን የለባቸውም። ሠራተኞቹ በራሳቸው መካከል በእነዚህ ላይ ቢቀላለዱ የእነሱ ፈቃድ ነው፤ እርስዎ ግን ሰምተው አብረው ቢስቁ እንኳ በማኅተም እንዳጸደቁት ይቆጠራል።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር የሚነካ ድርጊት ሲፈጽምም ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። አብዛኞቹ ሴቶች በሆኑበት ላይን ላይ ወንድ ሱፐርቫይዘር ስለ መልክ፣ ስለ አለባበስና ስለ ፍቅር ጉዳይ የሚናገረው «ጨዋታ» ወደ መጀመሪያው ክልከላ ለመግባት ብዙ አይቀረውም። «ቀልዴን ነበር» ማለት ድርጊቱን አያስቀረውም።

ወደ ሥራ አስኪያጁ አባባል እንምጣ። «የሚቀልድ አለቃ አይከበርም» የሚለው በደፈናው ሲነገር ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ተከታታይ ጥናት እንዳሳየው፣ ለቦታው የተገባና የተሳካ ቀልድ የተናገረ ሰው በራሱ የሚተማመንና ብቁ ሆኖ ታይቷል፣ በሌሎች ዘንድ ያለውም ደረጃ ከፍ ብሏል፤ ለቦታው የማይገባ ቀልድ የተናገረው ደግሞ ደፋር መስሎ ቢታይም ብቃቱ ተጠርጥሯል፣ ደረጃውም ወርዷል። ስለዚህ ክብር የሚቀንሰው መቀለድ በራሱ ሳይሆን የቦታና የመጠን ስህተት ነው። ሆኖም አስኪያጁ የፈሩት ነገር መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት የመሪ ቀልደኛነት ሁለት ስለት እንዳለው አሳይቷል። ሠራተኛው በሥራው ላይ ያለውን ትጋት ይጨምራል፤ በዚያው ልክ ግን «እዚህ ቤት ደንብ ቢጣስ ግድ የለም» የሚል መልእክት ያስተላልፋል፤ ይህኛው በተለይ የሚበረታው ቀልዱ ሰውን የሚነካ ሲሆን ነው። በስፌት ፋብሪካ የዚህን ትርጉም ለእርስዎ ማስረዳት አይገባኝም፤ የጣት መከላከያ ሳይዙ መሥራት፣ የእሳት መውጫን በካርቶን መዝጋት፣ የተሰበረ መርፌ ቁራጭ ሳይፈለግ መቅረት የሚጀምሩት ደንቡ ዋዛ መስሎ ከታየ በኋላ ነው። ስለዚህ የደኅንነትና የጥራት መመሪያ ሲሰጡ ፈጽሞ አይቀልዱ፤ ቀልዱ ቢመጣልዎት እንኳ መመሪያው ተነግሮ፣ ተሰምቶ እስኪያበቃ ያቆዩት።

ታዲያ ለመሪ የሚሆነው የትኛው ነው? ካናዳዊው ሮድ ማርቲንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት መለኪያ የሰዎችን የቀልድ ልማድ በአራት ከፍለውታል፦ ሰውን የሚያቀራርብ፣ በችግር ጊዜ ራስን የሚያበረታ፣ ሌላውን የሚወጋ፣ እና ሌላውን ለማስደሰት ራስን የሚያዋርድ። ሦስተኛው በአለቃ እጅ ምን እንደሚያደርግ አይተዋል። አራተኛውን በተመለከተ፣ «ራስህ ላይ ቀልድ፣ ሠራተኛው ይወድሃል» የሚለው ምክርም በስፋት ይሰጣልና ልክ ላብጅለት። ስለ ክፉ የእጅ ጽሑፍዎ ወይም ስሞችን ስለ መርሳትዎ በራስዎ ላይ ቢቀልዱ ጉዳት የለውም፤ ርቀቱን ያጠባል። የሚመሩበትን ሥራ ስለ አለማወቅዎ ደጋግመው ቢቀልዱ ግን ሠራተኛው ማመን ይጀምራል። የቀሩት ሁለቱ፣ አቀራራቢውና በችግር ጊዜ የሚያበረታው፣ የእርስዎ ናቸው፤ ዒላማቸውም ሰው ሳይሆን ሁኔታው ነው።

በቅርብ ምሳሌ ላሳይዎት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በአንድ ላይን ለሦስተኛ ጊዜ መርፌ ተሰበረ እንበል። ልጅቷ ቁራጮቹን በእጇ መዳፍ ይዛ፣ በመዝገቡ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ አዲስ መርፌ እንዲሰጣት ወደ ሱፐርቫይዘሩ ትመጣለች፤ ታርጌቱ (የዕለቱ የምርት ግብ) እየሸሸ ነው፣ ጓደኞቿም ቀና ብለው ያያሉ። አንዱ ሱፐርቫይዘር «ይህ እጅ ለመኮትኮቻ ነው የተፈጠረው» ይላል፤ ላይኑ ይስቃል፤ ነገ መርፌ የሰበረችው ልጅ ቁራጩን መሬት ላይ ጥላ ከጎረቤቷ መርፌ ትበደራለች። ሌላው ሱፐርቫይዘር «ዛሬ ይህ ጨርቅ ከመርፌ ጋር ተጣልቷል፤ ሽማግሌ መላክ ሳይኖርብን አይቀርም» ይልና ወዲያው ድምፁን ለውጦ «ቁራጩ ሙሉ ነው? ጫፉ የት አለ?» ብሎ ይፈልጋል። ሁለተኛው የሳቀው ከልጅቷ ጋር ነው፤ የደንቡን ክብደት አልነካም፤ እንዲያውም ሦስት መርፌ በተከታታይ መሰበሩ የጨርቁ ወይም የመርፌው ቁጥር ጉዳይ መሆኑን ለመመርመር በር ከፍቷል። ይህን ለማለት ማንም ቀልድ ማጥናት አላስፈለገውም፤ ጥፋቱን ከሰው ላይ አንሥቶ ዕቃው ላይ ማድረግ ብቻ በቂ ሆነ።

ቡድን ስለ መገንባት ካነሡ ዘንድ፣ ከእርስዎ ቀልድ ይልቅ የእነሱ ጨዋታ እንደሚበልጥ ይወቁ። ዶናልድ ሮይ የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ራሱ በአንድ ፋብሪካ ኦፕሬተር ሆኖ፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በሚደጋገምበት ማሽን ላይ ሠርቶ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1959 አሳትሟል። ሰዎቹን ከመሰልቸት የሚያድናቸው በየሰዓቱ የሚደጋገሙ ትንንሽ ጨዋታዎች ነበሩ። አንዱ ሠራተኛ በየቀኑ ሙዝ ያመጣል፤ ሌላው በየቀኑ ሰርቆ «የሙዝ ሰዓት!» እያለ ይበላታል፤ ባለቤቱ ይቆጣል፣ በማግስቱም ሙዙን ደግሞ ያመጣል። ያን ጨዋታ አለቃ አላዘዘውም፤ አለቃ ቢያዘው ኖሮ ስርቆት ይሆን ነበር። በሌላ ቀን ግን ጨዋታው ከሠራተኞቹ አንዱ በጋብቻ በተዛመደውና በሚኮራበት ፕሮፌሰር ላይ ዞረ። ሰውየው ተቀየመ፣ ክፍሉ ለቀናት ዝም አለ፣ ተረስቶ የነበረው ድካምም ተመለሰ። የተገነባውን መቀላለድ አንድ የተሳሳተ ዒላማ አፈረሰው፤ ያውም በእኩዮች መካከል።

የእርስዎ ድርሻ እንግዲህ ይህን ጨዋታ መጠበቅ ነው። በሻይ ሰዓት ሲሳሳቁ ሲደርሱ ሳቁ ድንገት ከተቋረጠ፣ ምን እንደሆነ አይጠይቁ፤ ሰላም ብለው ይለፉ። ሥራውን ሳይጎዳ የሚዜም እንጉርጉሮና የሚወራ ወሬ ካለ ይተዉት። አንድ ሠራተኛ ደጋግሞ የጨዋታው ማረፊያ ሲሆን፣ በተለይ ብቸኛ የሆነ፣ በዕድሜ የገፋ ወይም በአነጋገሩ የተለየ ከሆነ፣ ያኔ ይግቡ፤ ሲገቡም ሌላ ቀልድ በመጨመር ሳይሆን «ይብቃ» በማለት። የቡድን ግንባታ ተብሎ በዓመት አንድ ቀን ወደ ሐይቅ መሄድ መልካም ዕረፍት ነው፤ በቀሩት ቀናት የሚደረገውን ግን አይተካም።

አሁን ልጅቷን በተመለከተ ሳይውሉ ሳያድሩ የሚሠሩት አለ። ለብቻዋ፣ ነገር ግን ሰው በሚያያችሁ ቦታ ያነጋግሯትና እንዲህ ይበሏት፦ «ያን ቀን በሰው ፊት የተናገርኩሽ ትክክል አልነበረም። ዘግይተሽ ከሆነ ለብቻሽ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ከዚህ በላይ አይጨምሩ። «አብሽሪ፣ ቀልዴን እኮ ነው» ማለት ይቅርታውን ያፈርሰዋል፤ «አንቺም እኮ ስቀሽ ነበር» ማለት ደግሞ ከመጀመሪያው ጥፋት ይብሳል። ወዲያው «ምንም አይደለም» ብትልዎት ጉዳዩ አለቀ ብለው አይደምድሙ፤ ያም እንደ ሳቋ የወግ መልስ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ የተሠራው በላይኑ ፊት ስለሆነ፣ በላይኑ ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር እንደሚፈልጉ ይንገሯትና ካልፈለገች ይተዉት። ከፈቀደች ስሟን ሳይጠሩ፣ ሰው በመጣበት አገር ከእንግዲህ በእርስዎ አፍ እንደማይቀለድበት ይናገሩ። የተበላሸውን በንድል ከዚህ ጋር አያያይዙት፤ የዘለለው ስፌት የማሽን ጉዳይ ነው፤ መካኒኩ ይየው።

ወሰኑንም ላስቀምጥ። ክፍያው አነስተኛ፣ ታርጌቱ ከአቅም በላይ፣ አዳራሹ የሚያፍን ከሆነ ቀልድ ይህን አያቃልልም፤ ሠራተኛው ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲጠይቅ በጨዋታ ማለፍማ ንቀት ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው፣ የተጎዳ ሰው፣ የሚገመገምና የሚሰናበት ሰው ፊት መሪ አይቀልድም። በተፈጥሮዎ ጨዋታ የማይቀናዎት ቢሆንም ችግር የለም፤ ፍትሐዊ የሆነና ሰላምታው የማይጓደል ዝምተኛ ሱፐርቫይዘር ከቀልደኛው ያነሰ ቡድን አይመራም።

ውሳኔዬ ይህ ነው። በጠዋቱ ስብሰባ ቀልድ ማቅረቡን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ስብሰባው አጭር፣ ግልጽ፣ በሰላምታ የተጀመረ ይሁን። ከእንግዲህ በሥርዎ ባለ በማንም ሰው ላይ፣ ሰውየው ቢስቅም ባይስቅም፣ አይቀልዱ፤ ይህ ጊዜያዊ ሳይሆን ሱፐርቫይዘር እስከሆኑ ድረስ የሚጸና ነው። በሁኔታው፣ በዕቃውና በራስዎ ጥቃቅን ጉድለት ላይ ጨዋታ ሲመጣልዎት አይከልክሉት፤ ካልመጣ አይፈልጉት። ለሥራ አስኪያጁም ይህንኑ ይንገሯቸው፤ ጨዋታን ከፋብሪካው ለማባረር ሳይሆን ከሰው ላይ ለማንሣት እንደተስማማችሁ ይረዱታል።

ለውጡን በሳቅ ብዛት አይለኩት። የሚለካው ማሽን ሲያስቸግር፣ ስፌት ሲዘል፣ ቁጥር ሲሳሳት የጥራት ተቆጣጣሪው ከማግኘቱ በፊት ስንቱ በሠራተኛዋ አፍ ለእርስዎ እንደተነገረ ነው። ይህንን ለሁለት ወር በማስታወሻ ይያዙ። እየጨመረ ከሄደ መንገዱ ትክክል ነው። ካልጨመረ ግን ሠራተኞቹ የሚፈሩት ከቀልድዎ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፤ ምናልባትም ለተበላሸ ሥራ የሚቆረጥ ገንዘብ ወይም የማስጠንቀቂያ አሰጣጡ ይሆናል፤ ያኔ ማስታወሻውን ይዘው ከሰው ኃይል አስተዳደር ጋር ይቀመጡ።